«የልጅ ልጄም ይሥለዋል» ላሉት አንባቢ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ከአቦርጂናሎች ወገን ስለሆኑት ሠዓሊ ስለ ኤሚሊ ካሜ ንግዋሬይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ፣ ቀጥሎም አንድ አንባቢ የላኩትን አስተያየት አነበብኩ። አንባቢው የሥዕሉ ፎቶ ጎኑን ዞሮ ታትሟል ካሉ በኋላ «ይህንንማ የልጅ ልጄም ይሥለዋል» ብለው ደመደሙ። እኔ በሙያዬ የመሬት ቀያሽ ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ችካልና ገመድ ይዤ በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ስዞር ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥዕል አልተማርኩም። ነገር ግን የእኚህ ሴት ሥራ ከሠዓሊ ይልቅ ለቀያሽ የሚቀርብ ስለመሰለኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ጽሑፋችሁ ከዳር እስከ ዳር «እሷ» ብሏቸዋል። ከእናቴ የሚበልጡ ሴት ናቸውና እኔ አንቱ እላቸዋለሁ።

የፎቶውን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። ወይዘሮ ኤሚሊ ሸራውን መሬት ላይ ዘርግተው፣ ራሳቸውም መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ዳር ዳሩን እየዞሩ ነበር የሚሥሉት። ስለዚህ ሥዕሉ ራስና ግርጌ የለውም። እኛም የቦታ ፕላን ስንሠራ የሰሜን ቀስት ካላደረግንበት ወረቀቱን ከየትኛውም ጎን ቢይዙት ያው ነው። ጋዜጣው አልተሳሳተም።

«ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ሲል ሥዕል ጀመረች» የሚለው የጽሑፋችሁ ቃል ግን ያከራክራል። ወይዘሮዋ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው ዩቶፒያ በተባለው አካባቢ፣ አልሃልከሬ በምትባል የአባቶቻቸው ሀገር ነው። ሸራ ላይ በአክሪሊክ ቀለም መሣል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1988 መጨረሻ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ከ1977 ጀምሮ ከአካባቢው ሴቶች ጋር ሆነው ጨርቅ ላይ በሰም እየሣሉ ባቲክ ይሠሩ ነበር። ከዚያም በፊት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ አወልየ በሚባለው የሴቶች ሥርዓት ላይ በቀይና በነጭ አፈር ደረትና ትከሻ ላይ መስመር ሲያሰምሩ ኖረዋል። መስመሩ ከዘፈኑ፣ ዘፈኑም ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣው ሸራው ነው እንጂ እጃቸው ሥራውን ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እስካረፉበት ድረስ በስምንት ዓመት ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሥዕሎችን የሠሩት ለዚህ ይመስለኛል። ጀማሪ እንዲህ አይፈጥንም።

ሜልቦርን የምትኖር ልጄ አንድ ትልቅ ሥራቸውን በስልክ ፎቶ አንስታ ልካልኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራ ነው፤ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ መስመር ብቻ። ቁመቱ ወደ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር ነው። በስልክ ስታዩት የተተበተበ ክር ነው የሚመስለው። የቀያሽ ነገር ሆኖብኝ ግቢዬ ውስጥ አራት ችካል ተክዬ፣ ሦስት በስምንት አድርጌ ገመድ ወጠርኩ። ጎረቤቴ ሀጂ በአጥር በኩል ብቅ ብለው «ሠርቪስ ቤት ልትሠራ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አይ፣ የአንዲት አሮጊት ሥዕል ነው» አልኳቸው። ገመዱ መካከል ቆሜ ሳስበው ያ መስመር ሁሉ በአንድ ሰው እጅ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሰማንያውን ባለፈ ጉልበት የተሠመረ ነው። «የልጅ ልጄም ይሥለዋል» ያሉት ወንድሜ ስምንቱን ሜትር መጀመሪያ ገመድ ወጥረው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

መስመሩ ምን እንደሆነ ደግሞ የጅማ ሰው ከሌላው ቀድሞ ሊገባው ይገባል። እኛ ቦዬ የምንለው ዓይነት ከመሬት በታች የሚያፈራ ሐረግ ነው የሣሉት። ቦዬ የተከለ ሰው ያውቃል፤ ከላይ ቅጠሉ ጠውልጎ ሲተኛ ምንም ያለ አይመስልም፤ ሥሩ ሲወፍር ግን አፈሩ ይሰነጠቃል፣ ሴቶችም ስንጥቁን አይተው ይቆፍራሉ። በዚያ ደረቅ ሀገር ስንጥቁን ያላወቀ ሰው ይራባል። ወይዘሮ ኤሚሊ ካሜ የሚለውን ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ተክል ዘር ነው። ምን እንደሚሥሉ ሲጠየቁ ሁሉንም ነው ብለው ነበር የመለሱት፤ ሐረጉን፣ ዘሩን፣ የሣሩን ፍሬ፣ እንሽላሊቱን፣ ኢሙ የተባለውን ትልቅ ወፍና ወፉ የሚበላውን ተክል ቆጥረዋል። እኔ ይህን ስሰማ የሰማሁት የንብረት ቆጠራ ነው። ከዚህ እስከዚህ የእኛ ነው፣ በውስጡም ያለው ይህ ይህ ነው እንደ ማለት።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ከጅማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ በሁለት ቤተሰቦች መካከል የድንበር ክርክር ተነስቶ ልንለካ ሄድን። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም ወንዶች። ለካን፣ ነጥቡን ያዝን፣ ክርክሩ ግን አልፈታ አለ። ጫት ተቅሞ ቡና ሲጠጣ፣ ጀበናውን ይዘው የቆዩት እማማ ድንገት ስንጥር እንጨት አንስተው መሬቱን መጫር ጀመሩ። በኦሮምኛ እየተናገሩ ሙሽራ ሆነው የመጡበትን መንገድ አሰመሩ፣ የተቆረጠችውን ዋንዛ ጉቶ አኖሩ፣ ከጉቶው በታች ደግሞ አንድ ምንጭ ከበቡ። በእኛ ካርታ ላይ ምንጭ የለም። እኛ የምንለካው በበጋ ነው፤ ያ ምንጭ ደግሞ የሚፈልቀው ክረምት ላይ ብቻ ነው። ድንበሩ የሚሄደው በእሱ ፈሳሽ ነበር። የእማማ ጭረት ሚዛን የለውም፤ ቅርቡ ሩቅ፣ ሩቁ ቅርብ ነው። የተሠራው በእግር ጉዞ ነውና እንደዚያ መሆኑ አይገርምም። ወንዶቹ እንኳን አልተቃወሙም። ስንነሳ ዶሮዎች ጫሩት፤ ማንም ፎቶ አላነሳውም።

ይህ ነገር አውስትራሊያ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። በምዕራብ አውስትራሊያ ታላቁ አሸዋማ በረሃ የንጉራራ ሰዎች መሬታቸውን ሲጠይቁ፣ የእኛ መሆኑን አስረዱ ተባሉ። ወረቀት የላቸውም፤ በእንግሊዝኛ የሕግ ቋንቋም የልባቸውን መናገር አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1997 አርባ የሚሆኑ ሠዓሊዎች፣ ብዙዎቹ አዛውንት፣ ፒርኒኒ በተባለ ቦታ ተሰብስበው 8 በ10 ሜትር የሆነ አንድ ሸራ ሣሉ። ጉዳዩን የሚያየው አካል ሲመጣ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ በሸራው ላይ እየሄደ የራሱ ሀገር በተሣለበት ላይ ቆመ፣ በገዛ ቋንቋውም ስለ ውኃ ጉድጓዱና ስለ አባቶቹ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከ70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መሬት የእነሱ መሆኑ በሕግ ታወቀላቸው። ከመካከላቸው ያንን ቀን ሳያዩ ያረፉ ነበሩ። እንግዲህ አንባቢው ወንድሜ፣ የልጅ ልጅዎ በሥዕሉ ላይ ቆሞ የትኛው ጉድጓድ በየትኛው ወር ውኃ እንደሚይዝ ካስረዳ እኔም ሥዕሉን እቀበላለሁ።

ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በሰሜኑ ጫፍ ዪርካላ ያሉ የዮልንጉ ሽማግሌዎች መሬታቸው ለቦክሳይት ማዕድን ሊሰጥ ሲል ለሀገሪቱ ፓርላማ አቤቱታ ላኩ። አቤቱታው በሁለት ቋንቋ ተጽፎ በዛፍ ልጥ ላይ ተለጠፈ፤ ዙሪያውን ደግሞ የጎሣዎቻቸው ሥዕል ተሣለበት። ለፓርላማው ሰው ዙሪያው ጌጥ፣ መካከሉ ጽሑፍ መስሎት ይሆናል። ለላኪዎቹ ዙሪያው ፊርማና ማኅተም ነው። የዛፍ ልጡ ዛሬም ካንቤራ ፓርላማው ውስጥ ተቀምጧል። ማዕድኑ ግን ወጣ።

ስለ ሳሊ ጋቦሪ ካልጻፍኩ አይሆንልኝም። እሳቸው በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ባሕረ ሰላጤ ቤንቲንክ በምትባል ትንሽ ደሴት የተወለዱ የካያዲልት ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሕሩ ደሴቱን አጥለቅልቆ የመጠጥ ውኃው ሲበላሽ ሚሲዮናውያን ሕዝቡን ጠቅልለው ወደ ሞርኒንግተን ደሴት ወሰዱት። ልጆቹን ከወላጆቻቸው ነጥለው ማደሪያ አስገቧቸው። ወይዘሮ ሳሊ በሰው ሀገር አርጅተው፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሽ ያዙ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሣሉ። ምን ሣሉ? የተወለዱባትን ቦታ፣ የአባታቸውን ቦታ፣ የባላቸውን ቦታ፣ የወንድማቸውን ቦታ፤ ደግመው ደጋግመው። ልብ በሉ፣ የካያዲልት ሰዎች በጠፍጣፋ ነገር ላይ ሥዕል የመሣል ልማድ አልነበራቸውም። የሚኮርጁት አልነበረም። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተነጠሉትን የአሣ ማጥመጃ ድንጋይና የጨው ሜዳ በብጫና በሐምራዊ ቀለም አወጡት። እንዲህ ያለው ሰው «ማስታወስ» ሲል እኔና እርስዎ ትናንት ምሳ የበላነውን እንደምናስታውሰው ማለቱ አይደለም።

የእምነቱ ጉዳይ አንዳንድ አንባቢ ሳያስደነግጥ አልቀረም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ሙስሊም ናቸው። አቦርጂናሎች መሬቱን የፈጠሩት የመጀመሪያዎቹ አባቶችና እናቶች እየተራመዱና እየዘፈኑ ነው፣ ዛሬም በውስጡ አሉ ብለው ያምናሉ። ይህ የእኔ ሃይማኖት አይደለም። ብዙዎቹ ደግሞ ክርስቲያኖች ናቸው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዘው ይሥላሉ። በምዕራብ አውስትራሊያ ዋርሙን ከተባለ ሠፈር የጊጃ ሕዝብ ሠዓሊ የሆኑት ሸርሊ ፐርዲ ከሀገራቸው በተቆፈረ ቀይና ቢጫ አፈር፣ በነጭ ጭቃና በከሰል የክርስቶስን የሕማማት ጉዞ ሥለው እ.ኤ.አ. በ2007 ብሌክ የተባለውን የአውስትራሊያ የሃይማኖታዊ ሥዕል ሽልማት አሸንፈዋል። ዪርካላ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962ና በ1963 ሽማግሌዎቹ የአባቶቻቸውን ታሪክ በሁለት ረጃጅም ሰሌዳዎች ሥለው በቤተ ክርስቲያኑ መሠዊያ ግራና ቀኝ አቆሙ። በኋላ የመጣ አንድ ሚሲዮናዊ አስወግዷቸው ነበር፤ ተገኝተው ተጠግነው ዛሬ በማኅበረሰቡ የሥነ ጥበብ ማዕከል በክብር ቆመዋል።

«ክርስቶስን ከበረሃ ምን አገናኘው?» ለሚል ክርስቲያን ወንድሜ በደብሩ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ቀረብ ብሎ እንዲያይ እለምነዋለሁ። በብዙ የድሮ ሥዕሎቻችን ላይ ሰማዕቱ ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቡን በአውራ ጣቱ ቆንጥጦ ይዟል። እንዲህ የሚጋልበው የሀገራችን ፈረሰኛ ነበር። ሠዓሊው ጊዮርጊስን ከሚያውቀው መሬት ላይ አስቀመጠው እንጂ ከእምነቱ አልወጣም። ሸርሊ ፐርዲም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሀጂን ደግሞ የወይዘሮ ኤሚሊን ሥዕል በስልኬ አሳየኋቸው። ጣዖት ነው እንዳይሉ ፈርቼ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩና «ሰው የለበት፣ እንስሳ የለበት፣ አፈር ብቻ። ይኼ ምን ይላል?» አሉ። ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ የጠየቁ እሳቸው ናቸው።

ስለ ገንዘቡ አርዕስታችሁ ጮክ ብሎ ስለጻፈ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ አንድ ትልቅ የወይዘሮ ኤሚሊ ሥዕል በ2007 ከአንድ ሚሊዮን በላይ፣ በ2017 ደግሞ በ2.1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በጨረታ ተሸጧል። ሠዓሊዋ ያረፉት በ1996 ነው። «ሚሊየነሯ አሮጊት» የሚለው አርዕስት ስለዚህ ልክ አይደለም። አውስትራሊያ ሥዕል ዳግም ሲሸጥ 5 በመቶው ለሠዓሊው ወይም ለወራሹ እንዲደርስ የሚያዝ ሕግ በሥራ ላይ ያዋለችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እኛ ሀገር ስለ ሥዕል ሽያጭ ከመጻፍ በፊት ስለዚህ ሕግ መጻፍ ይበጅ ነበር።

ይህን ሁሉ ያልኩት የሩቁን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ጅማን ተመልከቱ። ቦዬና ኪቶ በተባሉት ቦታዎች ያለው ረግረግ ጠርዙ ለጡብ ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ሰፈሮቻችን በአዋሳኝና በወሰን ቁጥር ተመዝግበዋል፤ ጥሩ ነው፣ እኔም የበላሁት ከዚያ እንጀራ ነው። ነገር ግን የመሬት መዝገባችን የምንጭ ስም የሚጻፍበት አምድ የለውም። የትኛው ጨፌ ለከብት፣ የትኛው ለቤት ክዳን ሣር እንደነበረ፣ በየትኛው ሾላ ሥር ይታረቁ እንደነበር የሚያውቁት እናቶችና አባቶች እያለፉ ነው። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለን፤ በከተማው ሙዚየም የንጉሡ ዕቃዎች አሉን። ንጉሡ የተቀመጡበት ወንበር ተጠብቋል፣ ሕዝቡ የረገጠው መሬት ግን አልተጠበቀም።

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ሙዚየሙ አንድ ክፍል ይስጠን። ወለሉ ላይ አቡጄዲ ይዘርጋ። ከማና፣ ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከቀርሳ አዛውንት እየመጡ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ሀገራቸውን ይሣሉበት፤ በፈለጉት ቀለም፣ ከፈለጉም በጅማ ቀይ አፈር። አንድ ወጣት ከጎን ተቀምጦ የሚናገሩትን በሚናገሩበት ቋንቋ ይመዝግብ። «የእኛ ሽማግሌዎች ሥዕል አያውቁም» የሚል ካለ የሳሊ ጋቦሪን ሀገር ሰዎች ከላይ ጠቅሻለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ምን እንደሚሣልና ምን እንደሚደበቅ የሚወስኑት ራሳቸው ይሁኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 በመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ ባለው በፓፑኒያ ሠፈር የሸራ ሥዕል እንቅስቃሴ ሲጀመር ወንዶቹ ለውጭ ሰው የማይታይ የሥርዓት ምሥጢር ጭምር ሥለው ነበርና ከሌሎች ማኅበረሰቦች ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው። ከዚያ በኋላ ምሥጢሩን መተው ወይም በነጠብጣብ መሸፈን መጣ። ያ ሁላችንም የምናውቀው ነጠብጣብ በከፊል መጋረጃ ነው። የሌላውን ጎሣ ታሪክ ያለ ፈቃድ መሣልም በእነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ ሥዕሎቻቸውን ሳያስፈቅድ ምንጣፍ ላይ ያወጣ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ካሳ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። እኛም ጋ የተሣለው ሥዕል የሣለው ሰው ይሁን፤ ፖስት ካርድ አድርጎ የሚሸጠው ሰው ቢመጣ መጀመሪያ እማማን ይጠይቅ።

ለመጀመሪያው አቡጄዲ የሚሆን ገንዘብ ከጡረታዬ አወጣለሁ፤ ሀጂም ቡናና ስኳሩ በእኔ ብለዋል። የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ፈቃደኛ ከሆነ አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ የገጠር እናቶች ጊዜ አይኖራቸውም፤ ከጥር በኋላ፣ ከገበያ ቀን ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የመሬት ቀያሽ፣ ሄርማታ፣ ጅማ